ለ87 ቀን ያልተዘጋው ጉድጓድ፦ የማኮንዶ ጉዳይ

ኤፕሪል 20 ቀን 2010 አመሻሽ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ እየተንሳፈፈ ማኮንዶ የተባለውን ጉድጓድ በቆፈረ አንድ የነዳጅ ቁፋሮ ሪግ ውስጥ ሰዎች ስለ አንድ የግፊት መለኪያ ይከራከሩ ነበር። መለኪያው ዜሮ ማሳየት ነበረበት። ግፊቱን አስተንፍሰው ያወርዱታል፤ ቫልቩን ሲዘጉት ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል። ደግመው ያወርዱታል፤ ደግሞ ይወጣል። በመጨረሻ 1,400 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ላይ ቆመ።

የሙከራው ሐሳብ ቀላል ነው። ቁፋሮው አልቋል፣ የጉድጓዱ ታች በሲሚንቶ ተደፍኗል። ድፍኑ መያዙን ለማወቅ ጉድጓዱን ከላይ የሚጫነውን ክብደት ሆን ብለው ይቀንሱና ይጠብቃሉ። ከታች ምንም ካልመጣ ሲሚንቶው ይዟል። ግፊቱ ተመልሶ ከወጣ ግን ጋዝና ዘይቱ መውጫ አግኝተዋል ማለት ነው። በዚያ ምሽት መለኪያው የተናገረው ይህንኑ ነበር።

በሪጉ ላይ የነበሩት ሰዎች ግን ሌላ ትርጉም ሰጡት። ከላይ ያለው ከባድ የቁፋሮ ጭቃ በቱቦው ዙሪያ ያለውን የጎማ መዝጊያ እየተጫነ ነው ቁጥሩን ያመጣው ተባለ። ሙከራውን በሌላ ቀጭን ቱቦ በኩል ደገሙት፤ በዚያ በኩል ለ30 ደቂቃ ምንም አልፈሰሰም። በዋናው ቱቦ ላይ ግን 1,400 እንዳለ ነው። ሁለቱም ቱቦዎች የሚያዩት አንዱንና ያንኑ ጉድጓድ ነው፤ አንዱ ዜሮ ሌላው 1,400 የሚሆኑበት ጤነኛ ምክንያት የለም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሙከራው «አልፏል» ተብሎ ሥራው ቀጠለ። ጉድጓዱን አፍኖ የያዘው ከባድ ጭቃ እየወጣ በምትኩ ቀላሉ የባሕር ውሃ ይገባ ጀመር።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ገደማ ጭቃው በራሱ ጊዜ ወደ ሪጉ ወለል ተፋ። ከጭቃው ኋላ ጋዝ ነበር። ሠራተኞቹ ፍሰቱን በጎን ወደ ባሕር በሚያስወጣው ሰፊ ቱቦ ማስወጣት ይችሉ ነበር፤ የላኩት ግን ሪጉ ላይ ወዳለው የጭቃና የጋዝ መለያ ነው። መለያው ያን ያህል ጋዝ የሚችል አልነበረምና ጋዙ መልሶ በራሱ በሪጉ ላይ ተበተነ። 3 ሰዓት ከ49 ላይ ፈነዳ። በሪጉ ላይ 126 ሰዎች ነበሩ፤ 11ዱ ሞቱ፣ አስከሬናቸውም አልተገኘም። እሳቱ ሁለት ሌሊት ነደደና ሪጉ ኤፕሪል 22 ቀን ጠዋት ሰጠመ። ጉድጓዱን ከሪጉ ጋር ያገናኘው የነበረው ረጅም ቱቦ ተሰብሮ ባሕሩ ወለል ላይ ተጋደመ፤ ዘይቱም ከዚያ ይፈስ ጀመር።

በባሕር ላይ ነዳጅ ይቆፈር ወይስ አይቆፈር የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ «ኢኮኖሚ ወይስ ተፈጥሮ» በሚል ሚዛን ይቀመጣል። ይህን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ስከታተል ሚዛኑ ዋናውን ጥያቄ እንደሚሸፍንብን እያመንኩ መጥቻለሁ። በማኮንዶ የሆነው ነገር ከዚያ የቀደመ ነው። ሰው መክፈት በቻለበት ጥልቀት ላይ መዝጋት አይችልም ነበር፤ ፈቃዱ የተሰጠውም መክፈት መቻሉ ብቻ ታይቶ ነው።

የባሕሩ ጥልቀትና የሪጉ ዝና

ሪጉ ዲፕዋተር ሆራይዘን ይባላል። በደቡብ ኮሪያ የሃዩንዳይ መርከብ ግንባታ ተሠርቶ በ2001 ሥራ የጀመረ፣ ንብረትነቱ ትራንስኦሽን የተባለው የቁፋሮ ኩባንያ፣ ተከራዩ የብሪታንያው የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ ነበር። ሲሚንቶውን የሠራው ሃሊበርተን የተባለ ኩባንያ ነው። ሪጉ በመልሕቅ አይታሰርም፤ ቦታውን የሚጠብቀው ሳተላይት በሚመራቸው ሞተሮች ነው። ከአደጋው ሰባት ወር በፊት፣ በሴፕቴምበር 2009፣ በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ቲበር በተባለ ቦታ ከ10,600 ሜትር በላይ ቆፍሮ በጊዜው በዓለም ላይ ጥልቁን የነዳጅ ጉድጓድ ያስመዘገበው ይኸው ሪግ ነው። ፍንዳታው በደረሰበት ዕለትም የቢፒና የትራንስኦሽን ኃላፊዎች ሪጉን እየጎበኙ ነበር፤ ሠራተኛን ከሥራ የሚያስቀር አደጋ ሳይደርስበት ሰባት ዓመት መሥራቱን ለማመስገን ጭምር ነበር የመጡት።

የማኮንዶ ጉድጓድ ከአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት ጠረፍ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የባሕሩ ጥልቀት 1,500 ሜትር፣ ጉድጓዱ ከባሕር ጠለል ሲለካ ደግሞ ወደ 5,600 ሜትር ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ምን ማለት እንደሆነ ጉልበቱ ያውቀዋል። ያ ገደል እስከ አፋፉ ውሃ ሞልቶት፣ ታች ድልድዩ ጋ የፈነዳ ቱቦ ከላይ ከአፋፉ ላይ ተቀምጦ ይጠገን ቢባል ለማኮንዶ ቅርብ የሆነ ሥዕል ይሰጣል። በዚያ ጥልቀት ጠላቂ ሰው አይደርስም። የሚሠራው ከመርከብ በገመድ የሚመራ ሮቦት ነው።

ወደ ሙከራው ምሽት የደረሱበት መንገድ በአንድ ቀን የተሠራ አልነበረም። ሥራው ከዕቅዱ ስድስት ሳምንት ገደማ ዘግይቶ ከበጀቱም ከ58 ሚሊዮን ዶላር በላይ አልፎ ነበር። የብረት ቱቦውን በጉድጓዱ መሐል ቀጥ አድርገው የሚይዙት መደገፊያዎች 21 እንዲሆኑ የሃሊበርተን ስሌት ሲያሳይ የገቡት 6 ብቻ ናቸው። ተጨማሪዎቹ በሄሊኮፕተር ከመጡ በኋላ ዓይነታቸው ትክክል አይደለም ተብሎ ሳይገቡ ቀሩ። ቱቦው መሐሉን ከሳተ ሲሚንቶው በአንድ በኩል ሳስቶ በሌላው ይወፍራል፤ በሳሳው በኩል ጋዝ መንገድ ያገኛል። ሲሚንቶው ራሱ ናይትሮጅን የተቀላቀለበት አረፋማ ሲሆን፣ ቀደም ብሎ በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ አረፋው እንደማይጸና የሚያሳይ ውጤት ወጥቶ ነበር። የሲሚንቶውን መያዝ በመሣሪያ ሊያረጋግጥ የመጣው የሽሉምበርዤ ኩባንያ ቡድን ደግሞ በኤፕሪል 20 ጠዋት «አያስፈልግም» ተብሎ ሥራውን ሳይሠራ በሄሊኮፕተር ተመለሰ።

ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱ ብቻውን 11 ሰው አይገድልም። ፕሬዚዳንት ኦባማ ያቋቋሙት ብሔራዊ ኮሚሽን በጃንዋሪ 2011 ባወጣው ዘገባ ካነሳቸው ነጥቦች እኔን የያዘኝ አንድ ነው፤ አብዛኞቹ ውሳኔዎች ጊዜና ገንዘብ የሚቆጥቡ ነበሩ፣ የጨመሩትን አደጋ ደምሮ የሚያይ ሰው ግን አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁራጭ ይዞ ነበር። ሲሚንቶውን ያመኑት ሙከራው ይፈትሸዋል ብለው፣ ሙከራውን ያሳለፉት ደግሞ ሲሚንቶውን አምነው።

የመጨረሻው መዝጊያ

ሁሉም ነገር ሲከሽፍ ይደርሳል የተባለው በባሕሩ ወለል ላይ እንደ ባለ 5 ፎቅ ሕንፃ የቆመው የፍንዳታ መከላከያ ነው። በውስጡ ቱቦውን ከነይዘቱ ቆርጦ ጉድጓዱን የሚዘጋ መቁረጫ አለ። የነዳጅ ኩባንያዎች ስለ ደኅንነት ሲጠየቁ ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደዚህ መሣሪያ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ሥራውን አልጨረሰም። ቱቦው ከታች በመጣው ኃይል ጎብጦ ከመሐል ወጥቶ ነበርና መቁረጫው ሙሉ በሙሉ ሊቆርጠው አልቻለም። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ በ2014 እንዳሳወቀው፣ ከመቆጣጠሪያዎቹ አንዱ ውስጥ ሽቦው በተሳሳተ መንገድ ተያይዞ ነበር፤ በሌላው ደግሞ ባትሪው ደክሞ ነበር። ቱቦው በዚህ ዓይነት መጉበጡም በተለመደው ፍተሻ የሚታይ አልነበረም። መሣሪያው በየጊዜው ሲፈተሽ የሚያልፈው ለዚህ ነው። የሚፈተሸው ቱቦው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው፤ ሥራ የሚጠበቅበት ግን ቱቦው በሚጣመምበት ሰዓት ነው።

ከአደጋው በፊት የነበረው ክርክር

ፍንዳታው ከመድረሱ ሦስት ሳምንት በፊት፣ በማርች 31፣ ኦባማ አዳዲስ የባሕር አካባቢዎችን ለቁፋሮ የመክፈት ዕቅዳቸውን ይፋ አድርገው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላም የዛሬ ሪጎች በጥቅሉ ዘይት እንደማያፈሱ፣ ቴክኖሎጂያቸውም እጅግ የላቀ እንደሆነ ተናገሩ። ይህን የማነሳው ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም። ያኔ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አብዛኛው ሰው የሚያምነው ይህንኑ ነበር። በ1969 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ የደረሰው ፍንዳታ ትልቅ የአካባቢ ጥበቃ እንቅስቃሴ ቀስቅሶ ነበር፤ በ40 ዓመት ውስጥ ግን ትዝታው ደብዝዟል።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የማዕድን አስተዳደር አገልግሎት ይባል ነበር። ሁለት ሥራ በአንድ እጅ ይዟል። አንዱ ከቁፋሮ ለመንግሥት የሚገባውን ገንዘብ መሰብሰብ ሲሆን ይህም በዓመት ቢሊዮን ዶላሮች ነው። ሌላው ቁፋሮውን መቆጣጠር። የሚሰበስበውን የሚያበዛው ፈቃድ መስጠት ነው፤ ቁጥጥሩ ደግሞ አንዳንዴ «ቁም» ማለትን ይጠይቃል። ለማኮንዶ ቁፋሮ ዝርዝር የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት አልተጠየቀም፤ አደጋው ኢምንት ነው በሚል አሠራር ታለፈ።

ቢፒ ለባሕረ ሰላጤው ያቀረበው የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ደግሞ ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። ሊጠበቁ ከሚገባቸው እንስሳት መካከል ዋልረስን ይጠቅሳል። ዋልረስ የሰሜን ዋልታ በረዶ እንስሳ ነው፤ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃት ውሃ አይኖርም። በዕቅዱ ውስጥ በአማካሪነት ከተዘረዘሩት ባለሙያዎች አንዱ ዕቅዱ ከመጽደቁ ከዓመታት በፊት ያረፉ ሳይንቲስት ነበሩ። በጁን 2010 ጉዳዩ ኮንግረስ ፊት ሲቀርብ የሌሎች ትላልቅ ኩባንያዎች ዕቅዶችም ከዚሁ የተገለበጡ ያህል ተመሳሳይ ሆነው ተገኙ። ይህን ወረቀት የጻፈ ሰው ነበር፣ የፈረመ ሰው ነበር፣ ተቀብሎ ያጸደቀ ሰው ነበር። ከሦስቱ አንዱ እንኳ አደጋው ይደርሳል ብሎ ቢያምን ኖሮ ዋልረሱን ያየው ነበር።

87 ቀናት

ሮቦቶቹ መከላከያውን ለመዝጋት ለቀናት ታገሉ፤ አልሆነም። በሜይ መጀመሪያ አንድ ግዙፍ የብረትና የኮንክሪት ሣጥን ወርዶ ፍሳሹ ላይ እንዲደፋ ተደረገ። በዚያ ጥልቀት ቅዝቃዜና ግፊት ጋዙ ከውሃው ጋር ሲገናኝ በረዶ የሚመስል ጠጣር ይሆናል፤ ሣጥኑ በዚህ ተሞልቶ መውጫው ታፈነ። በሜይ መጨረሻ ከላይ ከባድ ጭቃ በኃይል ለመግፋት ተሞከረ፣ የጎማ ቁርጥራጭና የጎልፍ ኳስ ሳይቀር ተጨመረበት። ሦስት ቀን ተሞክሮ ተተወ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከባሕሩ ወለል የሚተላለፈውን የካሜራ ምስል ዓለም በቀጥታ ይከታተል ነበር። ቡናማ ጭስ የሚመስል ነገር ከተሰበረ ቱቦ ሌት ተቀን ይተፋል።

ስንት ይፈሳል ለሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የተሰጠው መልስ በቀን 1,000 በርሜል ነበር። ቀጥሎ 5,000 ተባለና ለሳምንታት በዚያው ቆየ። በመጨረሻ የመንግሥት ሳይንቲስቶች ያወጡት ግምት መጀመሪያ አካባቢ በቀን 62,000 በርሜል ይፈስ እንደነበር ያሳያል። ልዩነቱ ከባድ መዘዝ አለው። ጭቃው ከላይ ተገፍቶ ያሸንፋል አያሸንፍም የሚወሰነው ከታች በሚመጣው ፍሰት ልክ ነው። ቅጣቱም የሚሰላው በበርሜል ነው፤ በአሜሪካ የንጹሕ ውሃ ሕግ መሠረት ለአንድ በርሜል እስከ 1,100 ዶላር፣ ከባድ ቸልተኝነት ከተረጋገጠ እስከ 4,300 ዶላር። ቢፒ በ2012 ጥፋተኝነቱን ካመነባቸው ክሶች አንዱ ስለ ፍሰቱ መጠን ከኮንግረስ መረጃ መደበቁ ነው።

በጁላይ 15 ጥብቅ መክደኛ ከመከላከያው አናት ላይ ተገጥሞ ፍሰቱ ቆመ። ከጎን ተቆፍሮ የደረሰው ረዳት ጉድጓድ በሲሚንቶ ደፍኖት ሴፕቴምበር 19 ቀን ጉድጓዱ ሞተ ተባለ። የመንግሥት ግምት 4.9 ሚሊዮን በርሜል ወጥቷል ሲል ፍርድ ቤቱ በኋላ ወደ ባሕሩ የገባው 3.19 ሚሊዮን ነው ብሎ ወሰነ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል። በጁን 1979 በዚሁ ባሕረ ሰላጤ፣ በሜክሲኮ በኩል፣ ኢክስቶክ 1 የተባለ ጉድጓድ ፈንድቶ ነበር። የባሕሩ ጥልቀት 50 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያኔም ትልቅ መክደኛ ተደፋበት፣ ያኔም ልዩ ልዩ ነገር ተወተፈበት፣ ያኔም በመጨረሻ የዘጋው ረዳት ጉድጓድ ነው፤ ከዘጠኝ ወር በላይ ወሰደ። በ31 ዓመት ውስጥ ቁፋሮው ከ50 ሜትር ውሃ ወደ 1,500 ሜትር ወረደ። የመዝጊያው ዘዴ ግን እዚያው በቆመበት ነው የተገኘው። በጁላይ 15 ሥራውን የሠራው መክደኛ በጥድፊያ የተዘጋጀው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ቀድሞ ተሠርቶ ወደብ ላይ እንዳይቀመጥ የሚከለክል አንዳች የሳይንስ እንቅፋት አልነበረም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

ኬሚካሉ

ዘይቱ ጠረፍ እንዳይደርስ ወደ 7 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ኮሬክሲት የተባለ በታኝ ኬሚካል ፈሰሰ። ከዚህ ወደ 2.9 ሚሊዮን ሊትር የሚሆነው በቀጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲሆን በዚያ ጥልቀት ሲሞከር የመጀመሪያው ነበር። በታኙ ዘይቱን አያጠፋውም፣ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይሰባብረዋል እንጂ። ጠረፉን ለማዳን ጥልቁ ባሕር ተከፈለ ማለት ይቻላል። በጁን የዉድስ ሆል የባሕር ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከ1,000 ሜትር በታች ቢያንስ 35 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የዘይት ንጥረ ነገር ደመና አገኙ። በዓመቱ መጨረሻም ከጉድጓዱ 11 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በጥልቁ ወለል ላይ፣ ቡናማ ዝቃጭ የለበሱ የታመሙ ኮራሎች ታዩ። እነዚህ ኮራሎች አድገው እዚያ ለመድረስ መቶ ዓመታት የሚፈጁ ናቸው። በሌላ በኩል ዘይት በሊታ ባክቴሪያዎች ከተጠበቀው በላይ ፈጥነው መሥራታቸው እውነት ነው፤ የበታኙ ደጋፊዎች ይህን ያነሳሉ። ውሳኔው ስህተት ነበር ብዬ ደፍሬ አልናገርም። የሚያንገበግበኝ ውሳኔው እዚያው አደጋው መሐል፣ ያለ በቂ ሙከራ መወሰኑ ነው።

ረግረጉና እንስሳቱ

የሉዊዚያና ጠረፍ እንደ ብዙ አገር አሸዋና አለት አይደለም። ባሕርና የብስ የሚቀያየሩበት ሰፊ የሣር ረግረግ ነው። ከአለት ላይ ዘይት ይታጠባል፤ ከአሸዋ ላይ ይዛቃል። ከረግረግ ግን ማውጣት አይቻልም። ሰው ሊያጸዳ ሲገባ በእግሩ ዘይቱን ወደ ጭቃው ይረግጠዋል። ሣሩ ሲሞት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ጭቃውን ጨብጦ የያዘው ሥሩ ነበርና ዳርቻው እየተናደ ወደ ባሕር ይገባል። በድምሩ 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠረፍ ዘይት ነክቶታል።

ቡናማው ፔሊካን የሉዊዚያና አርማ ነው። እኛ በዝዋይና በሻላ የምናውቀው ነጩ ወንድሙ ነው። ቡናማው በፀረ ተባይ መርዝ ከሉዊዚያና ጠፍቶ፣ ጫጩቶቹ ከፍሎሪዳ ተወስደው በትጋት ተመልሶ የረባ ወፍ ነው። ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር የወጣው በኖቬምበር 2009 ነበር፤ ከፍንዳታው አምስት ወር በፊት። በእነዚያ ወራት ያየናቸው ምስሎች የእሱ ናቸው። ክንፉ በዘይት ተጣብቆ፣ ማንቁርቱ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኑ ብቻ የሚንቀሳቀስ። በኋላ በተደረገው ግምገማ ከ50,000 እስከ 85,000 የሚገመቱ ወፎች፣ ከ56,000 እስከ 166,000 የሚገመቱ ትናንሽ የባሕር ኤሊዎች እንደሞቱ ተቆጥሯል።

ከሁሉ በላይ የምመለስበት ግን ባራታሪያ ቤይ የተባለው የሉዊዚያና ባሕረ ሰላጤ ዶልፊኖች ጉዳይ ነው። ከአደጋው በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ሳይንቲስቶች እርጉዝ ዶልፊኖችን ተከታትለው ነበር። ሕይወት ያለው ግልገል የወለዱት 20 በመቶ ብቻ ሆኑ። ዘይት ባልነካው ሌላ አካባቢ ይኸው ቁጥር 83 በመቶ ነው። ሳንባቸው የታመመ ብዙዎች ነበሩ፤ ዶልፊን የሚተነፍሰው ልክ ከውሃው ገጽ በላይ ያለውን አየር ነውና፣ የዘይቱ ትነት የሚተኛውም እዚያው ነው። በ2010 ክረምት ካሜራው ሲጠፋና ጋዜጠኛው ሲሄድ ጉዳዩ ያበቃ የመሰለን ብዙ ነን። እናቶቹ ግን ለዓመታት የሞተ ግልገል ይወልዱ ነበር።

ሁለቱ እንጀራዎች

በሞርጋን ሲቲ ሉዊዚያና በየዓመቱ በሌበር ደይ (በሴፕቴምበር መጀመሪያ በሚውለው የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) ሰሞን የሚከበር አንድ በዓል አለ። ስሙ የሽሪምፕና የፔትሮሊየም ፌስቲቫል ነው። በ1936 የሽሪምፕ (ለምግብ የሚጠመድ ትንሽ የባሕር እንስሳ) በዓል ሆኖ ተጀመረ፤ በ1967 ነዳጁ በስሙ ላይ ተጨመረ። በአደጋው ዓመት፣ ጉድጓዱ ሞተ ሊባል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ 75ኛው በዓል ተከብሯል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ለዚያ ሕዝብ ግን ሁለቱም እንጀራው ናቸው። አንዱ ወንድም የሽሪምፕ ጀልባ አለው፣ ሌላው በሪግ ላይ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት ያርፋል። ጀልባዋ ስትበላሽ የሚያስጠግናት የሪጉ ደመወዝ ነው።

ዓሣ ማጥመድ የተከለከለበት አካባቢ በጁን መጀመሪያ በፌዴራል መንግሥት ሥር ካለው የባሕረ ሰላጤው ውሃ 37 በመቶ ደረሰ። ቢፒ ጀልባዎቹን ተከራይቶ ዘይት እንዲያግዱና እንዲሰበስቡ አሰማራቸው። ከጠረፉ ዓሣ አጥማጆች መካከል ከቬትናም ጦርነት በኋላ በስደት የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ። ቋንቋው ይከብዳቸዋል፤ ገበያው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ዓሣው ለጎረቤትና ለዘመድም ይከፋፈላል። ካሳ ሲጠየቅ ግን የሚፈለገው ደረሰኝና የግብር ወረቀት ነው። በስደት አገር ሱቅ ከፍቶ ወይም ታክሲ እየነዳ የሚኖር ወገናችን ይህን ችግር ሳይነገረው ያውቀዋል። ወረቀት ያልመሰከረለት ድካም በቢሮ መስኮት ላይ እንዳልተደከመ ይቆጠራል።

ኦይስተር አርቢዎቹ ላይ የወረደው ደግሞ ከዘይቱም የተለየ ነው። ዘይቱን ከረግረጉ ለመግፋት የግዛቱ ባለሥልጣናት የሚሲሲፒን ወንዝ ውሃ ወደ ባሕሩ የሚለቁትን በሮች ከፈቱ። ኦይስተር ለምግብ የሚረባ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ሲሆን በጨው ልክ የሚኖር ነው፤ ጨው የሌለው ውሃ ሲበዛበት ይሞታል። ዘይት ያልደረሰባቸው የኦይስተር መደቦች በማዳኛው ውሃ አለቁ።

በሜይ መጨረሻ የኦባማ አስተዳደር በጥልቅ ባሕር ቁፋሮ ላይ የስድስት ወር እገዳ ጣለ፤ 33 ሪጎች ቆሙ። የሉዊዚያና አገረ ገዥ ቦቢ ጂንዳል አጥብቀው ተቃወሙ፣ ዳኛ ማርቲን ፌልድማንም በጁን 22 እገዳውን አነሱት። መንግሥት በጁላይ አዲስ እገዳ አወጣና በኦክቶበር 12 ራሱ አነሳው። ዘይት የደረሰበት ሕዝብ ራሱ እገዳውን ሲቃወም ማየት ለብዙ የአካባቢ ጥበቃ ተከራካሪዎች ግራ አጋቢ ነበር። ለእኔ ግን ክርክሩ የት መጀመር እንዳለበት የሚያሳይ ነው። የዚያ ጠረፍ ሰው ከ11ዱ ሟቾች ጋር አንድ ሰፈር ያደገ ነው። ቁፋሮ ይቅር አላለም፤ ሰው የማይሞትበት፣ ዘይትም የማይፈስበት ቁፋሮ ነው የጠየቀው። ይህን የሚመልስለት ከሁለቱም ጎራ አላገኘም።

ፍርዱ

ቢፒ በ2012 መጨረሻ በ11ዱ ሰዎች ሞት በወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኖ በወንጀሉ 4 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሃሊበርተን በ2013 ስለነዚያ መደገፊያዎች የተሠራ የኮምፒውተር ስሌት በማጥፋቱ ጥፋተኛ ነኝ አለ። በሴፕቴምበር 2014 ዳኛ ካርል ባርቢየር የቢፒን ድርጊት ከባድ ቸልተኝነት ነው ብለው፣ ጥፋቱን 67 በመቶ ለቢፒ፣ 30 በመቶ ለትራንስኦሽን፣ 3 በመቶ ለሃሊበርተን አከፋፈሉ። በ2016 ከፌዴራልና ከግዛቶች መንግሥታት ጋር የ20.8 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ጸደቀ። ኩባንያው በአጠቃላይ ያወጣው ከ65 ቢሊዮን ይበልጣል። ወህኒ የወረደ ሰው የለም።

አደጋ ከመድረሱ በፊት የነበረው ሕግ ለእንዲህ ያለ ፍሳሽ የኩባንያውን የጉዳት ካሳ በ75 ሚሊዮን ዶላር ይገድበው ነበር። ቢፒ በገደቡ አልጠቀምም በማለቱ ነው ከዚያ በላይ የተከፈለው። ያን መሸከም የማይችል አነስተኛ ኩባንያ ቢሆንስ? ገደቡ በ2014 ወደ 134 ሚሊዮን ገደማ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከ65 ቢሊዮን ጎን ሲቀመጥ ያም ኢምንት ነው።

የተለወጠም አለ፤ አለማንሳት በደል ነው። የማዕድን አስተዳደር አገልግሎት ፈርሶ ገንዘብ ሰብሳቢው፣ ፈቃድ ሰጪውና የደኅንነት ተቆጣጣሪው ሦስት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሆኑ። ኩባንያዎቹ በጋራ መክደኛ ሠርተው ወደብ ላይ አስቀመጡ፣ ጥልቅ ባሕር ለመቆፈር ፈቃድ የሚጠይቅም የፈነዳ ጉድጓድ በምን እንደሚዘጋ ማሳየት ግዴታው ሆነ። በ2016 በፍንዳታ መከላከያዎች ላይ ጠንካራ ደንብ ወጣ፤ በ2019 ከፊሉ ላላ።

ከመንግሥታቱ ጋር በተደረሰው ስምምነት ከተወሰነው ገንዘብ ትልቁ ክፍል ለጠረፉ መልሶ ማልማት ተመደበ። ከሥራዎቹ ሁሉ ግዙፉ የሚሲሲፒን ደለል ወደ ባራታሪያ ቤይ በመልቀቅ የተናደውን ረግረግ እንደገና የሚተክል፣ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ቦይ ነበር። ባለሙያዎች መሬቱን የሚመልሰው ይህ ብቻ ነው አሉ። ኦይስተር አርቢዎች ደግሞ በ2010 በሮቹ ሲከፈቱ ያዩትን አልረሱምና ተቃወሙ፤ የወንዝ ውሃው ለዶልፊኖቹም እንደሚከፋ የግንባታው የራሱ ጥናት ያሳይ ነበር። ሥራው በኦገስት 2023 ተጀመረ። በጁላይ 2025 ግዛቱ ሰረዘው። የተቆፈረው አፈር እዚያው በወንዙ ዳር ነው፤ ረግረጉም በባሕሩ በኩል መናዱን አላቆመም።